ሲጎተት ሥራ የሚጀምር ፕሮቲን፦ ስለ ሪኮምቢናንት ፋይብሮኔክቲን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ቢልሃርዝያ በጉበት ላይ ስለሚተወው ጠባሳ ነው። አማካሪዬ ከውጭ ሲመለሱ ‹ሪኮምቢናንት የሰው ፋይብሮኔክቲን› የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ አመጡልኝ። አብሮት ያለው ወረቀት በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተመረተና 63 ኪሎ ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚመዝን መሆኑን ይገልጻል። መጽሐፌ ግን ፋይብሮኔክቲን ከ400 ኪሎ ዳልተን በላይ ነው ይላል። ይህ ፕሮቲን በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል? የእኔው ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው? ዱቄቱን በማናወጫ ማሽን በደንብ ነቅንቄ አሟሟሁት፤ ሳህኑንም በእሱ ቀባሁት። ሕዋስን ከሳህን በሚያላቅቁት በትሪፕሲንና በኢዲቲኤ ያነሣኋቸውን ሕዋሳት ስዘራበት ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ሲኖር ይጣበቃሉ፤ ሴረም ከሌለ ግን ይንሳፈፋሉ። ምን አጠፋሁ?»

ምላሽ፦ 63 እና 400 አልገጥም ማለታቸውን ማስተዋልሽ ደግ አደረግሽ፤ የጥያቄሽ ሁሉ መፍቻ እዚያ ላይ ነው። እጅሽ የገባው ሙሉው ፋይብሮኔክቲን ሳይሆን ቁራጩ ነው። ቁራጩ ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሚገባ የተጠና፣ ለሕክምና ሥራ ሳይቀር የሚውል፣ የሚታመን ነገር ነው። ነገር ግን ሙሉው ፕሮቲን ከሚሠራቸው ሥራዎች መካከል አንዱን ትልቅ ሥራ ፈጽሞ አይሠራውም፤ ለጽሑፍሽ የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ሥራ ነው። የሕዋሳቱ መንሳፈፍ ሌላ ምክንያት ያለው ይመስለኛልና በቦታው እመጣበታለሁ።

ሕዋስ ብቻውን ሥጋ አይሆንም። ቆዳውን፣ ጉበቱን፣ የደም ሥሩን አንድ አድርጎ የያዘው ሕዋሳት ራሳቸው አምርተው ወደ ውጭ የሚያወጡት መዋቅር ነው፤ በሙያው ማትሪክስ እንለዋለን። በጣና ዙሪያ የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የግድግዳው እንጨት ይተከላል፣ ማገሩ በአግድም ይጋደማል፣ ሁለቱ በልጥ ይታሰራሉ፣ በመጨረሻም ጭድ የገባበት ጭቃ ይመረግበታል። ኮላጅን ማገሩ ነው። ውኃ አቁረው የሚይዙ የስኳር ሰንሰለቶችን የተሸከሙት ፕሮቲኖች ጭቃው ናቸው። ፋይብሮኔክቲን ልጡ ነው።

ልጥ ከግንዱ ተልጦ መሬት ላይ ሲጣል ይጠቀለላል። እንደ ተጠቀለለ ቢከርም ምንም አያስር። ሠሪው ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ በእንጨቶቹ መገናኛ ላይ አዙሮ፣ እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በኃይል ሲጎትተው ነው ማሰሪያ የሚሆነው። ስለ ፋይብሮኔክቲን የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል፦ ይህ ፕሮቲን ሥራ የሚጀምረው ሲጎተት ነው።

ሙሉው ፕሮቲን ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች በጅራታቸው በኩል በሁለት የሰልፈር ድልድዮች የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት ከ220 እስከ 250 ኪሎ ዳልተን ይመዝናል፤ መጽሐፍሽ ከ400 በላይ ያለው ሁለቱን ደምሮ ነው። ሰንሰለቱን ቀርበሽ ብታይው በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ነው። ዶቃዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ 12 የአንደኛው ዓይነት፣ 2 የሁለተኛው፣ ከ15 እስከ 17 ደግሞ የሦስተኛው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች በውስጣቸው የሰልፈር ድልድይ ስላላቸው ጥብቅ ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት ይህ ድልድይ የለውም፤ ስለዚህ ሲጎተት ይፈታል፣ ሲለቀቅ ተመልሶ ይታጠፋል። እያንዳንዱ የዶቃ ስብስብ የየራሱ ወዳጅ አለው፤ ራሱ አካባቢ ያለው ደም ሲረጋ የሚሠራውን ፋይብሪን ይይዛል፣ ቀጥሎ ያለው ኮላጅንን፣ መሃሉ ሕዋስን፣ ወደ ጅራቱ ያለው ሄፓሪንን የመሳሰሉ የስኳር ሰንሰለቶችን።

ሕዋስን የሚይዘው ቦታ አስገራሚ ታሪክ አለው። በ1984 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዢ) ተመራማሪዎቹ ሚካኤል ፒርሽባከርና ኤርኪ ሩስላቲ ይህን ግዙፍ ፕሮቲን እየቆራረጡ ሄደው፣ ሕዋስ የሚጨብጠው ቁልፍ ቦታ አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ በተርታ የቆሙበት መሆኑን አሳዩ። ከሁለት ሺህ በላይ አሚኖ አሲዶች መካከል ሦስት! ቦታው የሦስተኛው ዓይነት አሥረኛ ዶቃ ላይ ነው፤ ዘጠነኛው ዶቃ ደግሞ ጭብጡን ያጠነክራል። ከሕዋሱ በኩል የሚጨብጠው እጅ ኢንቴግሪን ይባላል። ሩስላቲ፣ ሪቻርድ ሃይንስና ቲሞቲ ስፕሪንገር በኢንቴግሪን ላይ በሠሩት ሥራ በ2022 ለሕክምና ምርምር የሚሰጠው የላስከር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሃይንስ ቀደም ብለው በ1973 ወደ ካንሰርነት የተለወጡ ሕዋሳት ከላያቸው አንድ ትልቅ ፕሮቲን እንደሚያጡ አስተውለው ነበር፤ ያ ፕሮቲን ይኸው የኛው ፋይብሮኔክቲን ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ልጡ እንመለስ። ጉበት ፋይብሮኔክቲንን እያመረተ ወደ ደም ይለቃል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 300 ማይክሮግራም ገደማ ይገኛል። ይህን ያህል በደማችን ውስጥ እየዞረ ደማችን የማይተሳሰረው፣ ፕሮቲኑ በራሱ ላይ ታጥፎ ስለሚጓዝ ነው። የሰንሰለቱ አንዱ ክፍል ሌላውን ይዞ ማያያዣ ቦታዎቹን ይሸፍናቸዋል። ሕዋስ ሲያገኘው ግን በኢንቴግሪን ይጨብጠዋል፤ ከዚያም በውስጡ ባሉት የአክቲን ክሮች አማካይነት ይጎትተዋል። ሲጎተት ይዘረጋል፣ ተሸፍነው የነበሩት ቦታዎች ይገለጣሉ፣ የጎረቤት ፋይብሮኔክቲን ራስ መጥቶ ይያያዝበታል፣ እሱም በተራው ይጎተታል። እንዲህ እየተባለ ክር ይሠራል። በሕይወት ባሉ ሕዋሳት ላይ የተደረገ ልኬት እነዚህ ክሮች ከዘና ርዝመታቸው እስከ አራት እጥፍ እንደሚለጠጡ አሳይቷል። ክሩ አንዴ ከተሠራ በኋላ በቀላሉ አይሟሟም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዢው፤ ኋላ ይጠቅምሻል።

ይህ ማሰሪያ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? በ1993 ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች ተሠርተው ነበር፤ ጽንሶቹ ገና በማኅፀን ሳሉ፣ ልብና የደም ሥር በወጉ ሳይሠራላቸው ሞቱ። ለተወለደ ሰው ደግሞ ጎልቶ የሚታየው ቁስል ላይ ነው። እጅሽ ሲቆረጥ የረጋው ደም ፋይብሪን ብቻ አይደለም፤ ፋክተር 13 የሚባለው ኢንዛይም የደሙን ፋይብሮኔክቲን ከፋይብሪኑ ጋር አጥብቆ ይሰፋዋል። ቁስሉን ሊደፍኑ የሚመጡት ሕዋሳት የሚረግጡት መንገድ እሱ ነው። ሳይድኑ በሚቆዩ ቁስሎች ውስጥ ይህ ፕሮቲን በኢንዛይሞች ተበጣጥሶ ይገኛል፤ ሕዋሳቱ የሚረግጡት መሬት የላቸውም ማለት ነው። ማሰሪያውን ጠላትም ይጠቀምበታል፦ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ የፋይብሮኔክቲንን ራስ የሚይዝ ፕሮቲን አለው፤ በፋይብሮኔክቲኑ ላይ ተንጠላጥሎ እስከ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። በእርግዝና ጊዜ በጽንሱ ሽፋንና በማኅፀን መካከል ያለው ፋይብሮኔክቲንም ያለጊዜው የሚመጣ ምጥን ለመገመት ይለካል፤ ከማኅፀን በር አካባቢ በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥ ከ50 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ምጡ በቅርብ ቀናት የመምጣቱ ዕድል ዝቅተኛ ነው።

እንግዲህ ብልቃጥሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በኢ. ኮላይ የተመረተና 63 ኪሎ ዳልተን የሚመዝን ከሆነ፣ ሬትሮኔክቲን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ባለ 574 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ወይም የእሱ ቢጤ መሆን አለበት። ሦስት ነገሮች ተቀጥለው የተሠራ ነው፦ ሕዋስን የሚይዙት ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ ያሉት ዶቃዎች፣ ሄፓሪንን የሚይዙት ከአሥራ ሁለተኛ እስከ አሥራ አራተኛ ያሉት፣ በመጨረሻም የነጭ የደም ሕዋሳት ኢንቴግሪን የሚወድደው አጭር ቁራጭ። ጂኑ ተቆርጦ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያው ያመርታል፣ ከዚያ ተጣርቶ ይደርቃል። «ሪኮምቢናንት» ማለት ይኸው ነው፤ ፕሮቲኑ የሰው ነው፣ የተሠራበት ማጀት ግን የባክቴሪያ ነው። ከሰው ደም ስላልተወሰደ የደም ተሐዋስያን ስጋት የለበትም፤ አንዱ ምርት ከሌላው ምርት ጋርም ይመሳሰላል።

ይህ ቁራጭ የተወደደው በጂን ሕክምና ነው። ጂኑን እንዲሸከም የተዘጋጀው ቫይረስ በሄፓሪን መያዣው በኩል ይጣበቃል፣ የታካሚው የደም ሕዋስ በኢንቴግሪኑ ይጣበቃል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ቫይረሱ የተሸከመውን ጂን ለሕዋሱ ያደርሳል። ለካንሰር የሚሰጡ የተለወጡ ቲ ሕዋሳት ሲዘጋጁም ሥራ ላይ ይውላል። በጣም የማደንቀው ሐሳብ ነው።

የሌለውን ደግሞ እዪ። የሙሉው ፕሮቲን ራስ የለውም፤ ፋይብሪንና ኮላጅን የሚይዙት ዶቃዎች የሉትም፤ ጅራቱ ስለሌለ ጥንድ አይሆንም። ምክንያቱን አሁን ራስሽ ትደርሽበታለሽ፦ ቁራጩ የተሠራው በዋናነት የሰልፈር ድልድይ ከሌላቸው ከሦስተኛው ዓይነት ዶቃዎች ነው። ተራ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ እነዚህን ያለችግር አጣጥፎ ቅርጽ ያስይዛቸዋል፤ ድልድይ የበዛባቸውን የራስ ዶቃዎች ግን አበላሽቶ ያከማቻቸዋል። እነሱን ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ የአጥቢ እንስሳት ወይም የነፍሳት ሕዋሳት ያስፈልጋሉ፤ ዋጋውም ይጨምራል። ውጤቱ ይህ ነው፦ ሕዋስሽ ቁራጩን ይጨብጠዋል፣ ይጎትተዋልም፤ ነገር ግን የሚያያዝበት ራስ የሌለው ልጥ ስለሆነ ክር አይሠራም። መረገጫ ይሆናል፤ ማሰሪያ አይሆንም።

ወደ ተንሳፈፉት ሕዋሳት ልምጣ። ሴረም ሲኖር መጣበቃቸው ስለ ቅብሽ ምንም አይነግርሽም፤ ሴረም ራሱ ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን የሚባሉ ሕዋስ የሚያጣብቁ ፕሮቲኖች አሉት፣ ባዶ ሳህንም ቢሆን ይቀባል። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና ሴረም የሌለበት ነው፤ እዚያ ላይ የምጠረጥረው በመጀመሪያ ኢዲቲኤውን ነው። ኢንቴግሪን ያለ ካልሲየምና ማግኒዥየም አይጨብጥም፤ ኢዲቲኤ ደግሞ ሁለቱን ይነጥቃል። ሴረም ያለበት የሳህኑ ጉድጓድ ውስጥ ሕዋሳቱ በሚያድጉበት ፈሳሽና በሴረሙ ፕሮቲኖች ብዛት ችግሩ ይሸፈናል፤ ሴረሙ ትሪፕሲኑንም ያቆምልሻል። ሴረም የሌለበት ላይ ግን ትሪፕሲኑ ሥራውን ቀጥሎ የሕዋሱን እጆችና ቅብሽን ይቆራርጣል። ስለዚህ ትሪፕሲኑን በአኩሪ አተር ማገጃ ወይም በጥቂት ሴረም አቁሚው፣ ሕዋሳቱን ሁለት ጊዜ በሴንትሪፉጅ እጠቢያቸው፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፊያቸውና ዝሪያቸው።

ሁለተኛው ማናወጫው ነው። እኔም በጀማሪነቴ ሙሉ ፋይብሮኔክቲን እንዲሁ በማሽን ነቅንቄ አሟሟሁ። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሣው ፈሳሹ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሳሱ ነጫጭ ክሮች ሲንሳፈፉ አየሁ። ፕሮቲኑ በፈሳሹ መናወጥና በአረፋው ገጽ ተጎትቶ፣ ሕዋስ ሳያየው እዚያው ክር ሆኖ ነበር። ያን ቀን የጠፋብኝ ገንዘብ ቢያሳዝነኝም ፕሮቲኑን የተረዳሁት በዚያ ነው። ያንቺ ቁራጭ ከሙሉው ይልቅ ቻይ ነው፤ አረፋ ግን ማንኛውንም ፕሮቲን ስለሚጎዳ ደግመሽ እንዳታናውጪው። ብልቃጡ ሳይከፈት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይምጣ፤ ንጹሕ ውኃውን በብልቃጡ ግድግዳ ላይ አንጠባጥቢና ግማሽ ሰዓት ሳትነኪው ተዪው። ከዚያ ለአንድ ጊዜ ሥራ በሚበቃ መጠን በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፍለሽ አቀዝቅዢው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ ትልቅ ቱቦ ማስቀመጥ ደግሞ ደጋግሞ እንዲቀልጥና እንዲረጋ መፍረድ ነው።

መጠኑንም አስቢው። ለመነሻ በካሬ ሴንቲ ሜትር 5 ማይክሮግራም ያዢ። ባለ 24 ጉድጓድ ሳህን አንዱ ጉድጓድ 1.9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 9.5 ማይክሮግራም ይፈልጋል። ከቀባሽ በኋላ ባዶ የቀረውን የሳህኑን ወለል ሕዋስ በማይጣበቅበት ፕሮቲን፣ በአልቡሚን፣ ሸፍኚው፤ አልቡሚን ብቻ የተቀባ ጉድጓድም ይኑርሽ። ሁሉም በትክክል ከሄደ በማይክሮስኮፕ የምታይው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሕዋሳቱ ክብና እንደ ጤዛ የሚያበሩ ይሆናሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠርዛቸው መደብዘዝ ይጀምራል፣ ብርሃናቸው ይጠፋል፣ ወለሉ ላይ ይነጠፋሉ። አልቡሚኑ ላይ ያሉት ግን እንደ ክብ ይቀራሉ። ሁለቱ ጉድጓዶች ልዩነት ካላሳዩ ሌላ ሙከራ አትጀምሪ።

ሙሉው ፕሮቲን ቢያስፈልግሽና በጀቱ ባይፈቅድ፣ ከቄራ በሶዲየም ሲትሬት የተቀበልሽውን የበሬ ደም ፕላዝማ በጄላቲን ዓምድ ላይ ማሳለፍ ትችያለሽ። ፋይብሮኔክቲን ጄላቲኑን ይይዛል፣ ሌላው ይታጠባል፣ በመጨረሻ በዩሪያ ይለቀቃል። ከ1977 ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነው። ፕላዝማውን ግን ቀድመሽ እንዳታቀዘቅዢው፤ ይህ ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1948 ሲታወቅ «በቅዝቃዜ የማይሟሟ ግሎቡሊን» የተባለው ያለምክንያት አይደለም፤ ፋይብሪን ከሚሠራበት ከፋይብሪኖጅን ጋር ይዘቅጥብሻል። እግረ መንገዴን፣ ለምርምር ብቻ የተዘጋጀ ፕሮቲን በምንም መንገድ ሰው ቁስል ላይ አይደረግም።

አሁን ወደ ጉበቱ። በዘጌና በሌሎች የጣና ሐይቅ ዳርቻዎች ያሉ ልጆች ከውኃው የሚይዛቸው የቢልሃርዝያ ትል፣ ሺስቶሶማ ማንሶኒ፣ በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ ከእንቁላሎቹ ከፊሎቹ በደም ተወስደው በጉበት ትናንሽ ደም ሥሮች ውስጥ ይሰነቀራሉ። ሰውነት እንቁላሉን ይከብበዋል፣ በዙሪያውም ጠባሳ ይሠራል። ኮላጅኑን የሚያመርቱት ሕዋሳት በሰላሙ ጊዜ ቫይታሚን ኤ ያከማቹ የነበሩ ወይም በደም ሥሮቹ ዙሪያ የሚኖሩ ናቸው። ጉበት ሲጎዳ ከኮላጅኑ ቀድሞ «ተጨማሪ ክፍል ኤ» የሚባል ዶቃ የገባበት ፋይብሮኔክቲን ብቅ ይላል። ይህ ዶቃ በደም ውስጥ በሚዞረው ፋይብሮኔክቲን ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ ጽንስ ላይ፣ ቁስል ላይና ዕጢ ላይ ነው የሚታየው። ኮላጅኑም በሥርዓት የሚጋደመው የፋይብሮኔክቲኑ ክር ቀድሞ ከተዘረጋ ነው። ልጥ ሳይኖር ማገር አይቆምም።

ስለዚህ የጠባሳውን ጥያቄ በዚህ ብልቃጥ ልትመልሺው አትችይም፤ ቁራጩ ተጨማሪ ክፍል ኤ የለውም፣ ክርም አይሠራም። ነገር ግን ውድ ፕሮቲን መግዛት አያስፈልግሽም። ፋይብሮብላስት የሚባሉት ማትሪክስ አምራች ሕዋሳት የራሳቸውን ሙሉ ፋይብሮኔክቲን ያመርታሉ። ሁለት ቀን ያህል ሳትነኪያቸው ያድጉ፤ ከዚያ ሳህኑን ዲኦክሲኮሌት በሚባለው የሐሞት ጨው 2 በመቶ ሙሙት እጠቢው። ሕዋሱም፣ ያልተያያዘው ፋይብሮኔክቲንም ይሟሟል፤ ክር የሆነው ብቻ ይቀራል። የቀረውን ለክፍል ኤ በተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ትለኪዋለሽ። ክሩ እንዳይሠራ ብታደርጊ ኮላጅኑ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለግሽ ደግሞ፣ ከስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የተገኘ ባለ 49 አሚኖ አሲድ ቁራጭ አለ፤ የፋይብሮኔክቲንን ራስ ይዞ መያያዙን ይከለክላል፣ በአይጥ ጉበት ላይም ጠባሳን ሲቀንስ ታይቷል። አማካሪሽ ሌላ ጊዜ ከውጭ ሲመለሱ እንዲያመጡልሽ የምትጠይቂያቸው ያንን ቁራጭና ፀረ እንግዳ አካሉን ነው።